ካሜራው፣ ስልኩና ገመናችን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። እንጀራዬ ኔትወርክ መዘርጋት ነው። ብሎካችን የጥበቃ ካሜራ ለማስገባት ስብሰባ የጠራ ቀን «አንተ ነገሩን ታውቀዋለህ» ተባልኩና ሳላስበው ኮሚቴ ሆንኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ደረጃ ላይ እጠየቃለሁ። ሮቶ ሥር ውሃ ስጠብቅ እጠየቃለሁ። ጥያቄው በካሜራ ይጀምርና ስልክ ጠለፋ ላይ፣ ፋይዳ ላይ፣ ሲብስም አሜሪካ ድረስ ይሄዳል። አንድ ቦታ ሰብስቤ ብጽፈው ለእኔም እረፍት ነው።

ካሜራ ሌባ ያስቀራል?

የተወሰነ ሌባ ያስቀራል። ካሜራው የተገዛው በአንድ ወር ውስጥ የሦስት መኪና ስፖኪዮ ተነቅሎ፣ የሁለት ቤት የውሃ ቆጣሪ ስለጠፋ ነው። ከተሰቀለ ወዲህ ስፖኪዮ አልተነካም። ቆጣሪ ግን አንዴ ተሰርቋል። ሌባው ኮፍያ ደፍቶ፣ ማስክ አድርጎ መጣ። ሲፈታ፣ በማዳበሪያ ሲጠቀልል፣ ተረጋግቶ ሲሄድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አናውቅም።

ውጭ አገር የተደረጉ ጥናቶችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ካሜራ ከሁሉ በላይ የሚሠራው መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ድብድብና ጥቃት ላይ ያለው ውጤት ደካማ ነው። የተናደደ ሰው ቀና ብሎ ካሜራ አይፈልግም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ካሜራውም አብሮ ይጠፋል፤ እኛ ሰፈር ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

የምደብቀው ነገር የለኝም። ምን ቸገረኝ?

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይሄንን ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ሦስተኛ ፎቅ አንዲት ነርስ አለች። የሌሊት ተረኛ ስትሆን ማታ ወጥታ ጠዋት ትገባለች። ካሜራው እንደተተከለ መቅረጫውን ያስቀመጥነው ምድር ላይ ካለ ሱቅ ውስጥ ነበር። የሚቆለፍ ሌላ ቦታ አልነበረንም። ስክሪኑ ከስኳሩ ጆንያ በላይ ተሰቀለ። ዘይት ሊገዛ የመጣ ሁሉ ቆሞ ያያል፤ እንደ ድራማ። አንድ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ስትገባ የሱቁ ልጅ «ሲስተር፣ በዚህ ሳምንት ሦስት ቀን ውጭ አደሩ አይደል?» አላት። ልጁ ክፋት የለበትም። ጨዋታ መስሎት ነው። እሷ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳቦ የምትገዛው ከሌላ ብሎክ ነው።

የደበቀችው ነገር ነበር? የለም። ሥራ ነው የሄደችው። ግን ቤቷ ባዶ የሚሆንበትን ሌሊት ሱቅ የቆመ ሰው ሁሉ አወቀው። ሌባም ዘይት ይገዛል።

የበሩ ደብተርም እንደዚያው ነው። ጥበቃው ጋ እስክሪብቶ በሲባጎ የታሰረበት ደብተር አለ። እንግዳ ስሙን፣ ስልኩን፣ የሚሄድበትን ቤት ቁጥር ይጽፋል። እህቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ጻፈች። በሦስተኛው ቀን የማታውቀው ሰው ደወለላት። «በር ላይ ስትገቢ አይቼሽ ነው» አላት። ከእሷ ቀጥሎ የገባ ሰው ከላይ ያለውን መስመር አንብቦ ነው። ደብተሩን ያመጣነው ለደህንነት ነበር።

ሰዎች «ግላዊነት ይሻላል ወይስ ደህንነት?» ብለው ሲጠይቁኝ ጥያቄው አንድ ነገር የሚጎድለው ይመስለኛል። የማን ደህንነት? ስንት ሰዓት እንደምትወጡ፣ ከማን ጋር እንደምትኖሩ፣ ደመወዝ መቼ እንደሚገባላችሁ ሰው አለማወቁ ራሱ ከቁልፎቻችሁ አንዱ ነው። ቁልፍ የምንሰጠው ደግሞ ለምናምነው ሰው ነው፤ ማን ጋ እንዳለም ማወቅ እንፈልጋለን። «የምትደብቀው ከሌለህ» የሚለኝን ሰው ስልኩን ከፍቶ እንዲሰጠኝ እጠይቀዋለሁ። እስካሁን የሰጠኝ የለም።

ግላዊነት የፈረንጅ ነገር አይደለም እንዴ? እኛ ተካፍለን የምንኖር ሰዎች ነን።

ቃሉ አዲስ ነው፤ የትርጉም ሽታ አለው። ነገሩ ግን አሮጌ ነው። ስሙም ገመና ነው። «ገመናውን አወጣችበት» ሲባል ሁላችንም ክብደቱን እናውቃለን። ቤታችን ሳሎንና ጓዳ አለው፤ ስንት ዓመት የተመላለሰ እንግዳ እንኳ ጓዳ ዘው አይልም። ቡና ላይ ብዙ ይወራል፤ የማይወራው ደግሞ ሆድ ይፍጀው ተብሎ ይቀመጣል። በሰምና ወርቅ የሚናገር ሕዝብ ገመና አያውቅም ቢባል ማን ያምናል?

መታየትንም እናውቃለን። ቀበሌ በ1967 ተቋቋመ። ጥቂት ቆይቶ ማን ወጣ፣ ማን ገባ፣ ማን ቤት እንግዳ አደረ ብሎ የሚቆጥር በየሰፈሩ ተገኘ። ጆሮ ጠቢ ይባል ነበር። ኋላ ደግሞ አንድ ለአምስት መጣ። እናቴ ዛሬም ስልክ ላይ ስለ ኑሮ ውድነት ካነሳሁባት ድምፅዋን ዝቅ ታደርግና «እሱን በአካል ስንገናኝ» ትላለች። ከገፋሁ ኔትወርኩ በድንገት ይበላሽባታል። የሚሰማት ሰው ስለመኖሩ ማስረጃ የላትም። አላስፈለጋትም። ሰሚ ባይኖርም ራሷን ትጠብቃለች። ክትትል ትልቁን ሥራውን የሚሠራው እንዲህ ነው፤ በርካሽ።

የጅምላ ክትትል ስትል ምን ማለትህ ነው? ፖሊስ ሌባ አይከታተል?

ይከታተል እንጂ። ልዩነቱ የቱ ይቀድማል የሚለው ላይ ነው። በተለመደው አሠራር መጀመሪያ ጥርጣሬ ይመጣል፣ ከዚያ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ክትትል። በጅምላው ግን መጀመሪያ የሁሉም ሰው መረጃ ይከማቻል። ጥርጣሬው በኋላ ከክምሩ ውስጥ ይፈለጋል። ልጅ ጠፍቶ ስልኩ መጨረሻ የታየበትን ታወር መጠየቅ አንድ ነገር ነው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ የአንድ ዓመት ውሎና አዳር ማስቀመጥ ሌላ።

ብዙ መረጃ ከተሰበሰበ ብዙ ወንጀለኛ አይያዝም?

ይመስላል። በእስክሪብቶና በወረቀት እንሥራው። ቁጥሮቹ የእኔ ምሳሌ ናቸው፤ ስሌቱን ብቻ ተከተሉ።

አንድ ከተማ ውስጥ 4 ሚሊዮን ሰው አለ እንበል። ከነሱ 400ው የምር አደገኞች ናቸው። ከ100 ሰው 99ኙን በትክክል የሚለይ ማሽን ተገዛ። እንዲህ ያለ ጎበዝ ማሽን አላውቅም፤ ግን ይኑር። ከ400ው 396ቱን ይይዛል። እሰየው። የቀሩት 3,999,600 ሰዎች ንጹሐን ናቸው። ከነሱም አንድ በመቶውን በስህተት ይጠቁማል፤ 39,996 ሰው። አሁን መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ከ40 ሺህ በላይ ስም ተቆልሏል። ከመቶው ትክክለኛው አንዱ ገደማ ነው። ሌላው ታክሲ ሰልፍ ላይ ከጎናችሁ የሚቆመው ሰው ነው። መርማሪው እሱን ሲያጣራ እውነተኛው ወንጀለኛ ጊዜ ያገኛል። ክምሩ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ድርቆሹ ይበዛል እንጂ መርፌዋ ያው አንዷ ነች።

አሜሪካኖች ይሄንን በተግባር አይተውታል። ኤድዋርድ ስኖውደን እ.ኤ.አ. በ2013 ሰነዶች ሲያወጣ፣ የአገሪቱ ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ የሚሊዮን ዜጎችን የጥሪ መዝገብ በየቀኑ ሲሰበስብ እንደኖረ ታወቀ። ማን ለማን ደወለ፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ። ምክንያቱ ሽብር መከላከል ነበር። እዚያው መንግሥት ውስጥ ያለው የግላዊነትና የሲቪል ነፃነቶች ተቆጣጣሪ ቦርድ ጉዳዩን መረመረ። በጃንዋሪ 2014 ባወጣው ሪፖርት፣ ያ ሁሉ መዝገብ በአንድም የሽብር ምርመራ ውጤት ላይ ተጨባጭ ለውጥ ሲያመጣ አላገኘሁም አለ። ኮንግረሱ በ2015 የጅምላውን አሰባሰብ የሚያስቆም ሕግ አወጣ። በ2020 ደግሞ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ድርጊቱ ሕገ ወጥ እንደነበር ወሰነ።

ስልኬ ይሰማል?

ስለ ድምፁ ያን ያህል አትጨነቁ። የሁሉንም ሰው ወሬ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ከየት ይመጣል? እኔን የሚያሳስበኝ መዝገቡ ነው። በደወላችሁ ቁጥር የደዋይና የተቀባይ ቁጥር፣ ሰዓቱ፣ የቆየበት ጊዜ፣ ስልካችሁ የያዘው ታወር ይመዘገባል። ይህ ለሒሳብም ያስፈልጋል፤ በራሱ ተንኮል የለውም።

ግን ይሄን ተመልከቱ። አንድ ሰው ጠዋት ላቦራቶሪ ደወለ፤ ሁለት ደቂቃ። ወዲያው ለወንድሙ ደወለ፤ 40 ደቂቃ። ከዚያ ለንስሐ አባቱ። ምን እንዳወሩ መስማት ያስፈልጋል?

በነገራችን ላይ እኛ ዳር የምንኖረው እዚህ ላይ ትንሽ እናተርፋለን። መሀል ከተማ ታወሩ ስለሚቀራረብ ቦታው በጠባብ ክልል ይለያል። ዳር ላይ ታወሩ ስለሚራራቅ የት እንዳለን በግምት ነው የሚታወቀው። የኔትወርክ መጥፋት ያመጣልን ብቸኛ ጸጋ ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ስማርት ስልካችሁ ላይ ጂፒኤስ ከፍታችሁ ለየመተግበሪያው ከፈቀዳችሁ ግን እሱም የለም፤ አፑ በሜትር ያውቀዋል።

ቴሌግራምና ዋትስአፕስ?

ዋትስአፕ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መልእክቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያመሰጥራል። መሀል ላይ ያለ አንባቢ፣ ኩባንያውም ጭምር፣ ይዘቱን አያየውም። ቴሌግራም ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ተራው ቻትና ግሩፑ ኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው «ሚስጥራዊ ቻት» የሚለውን ለይታችሁ ስትከፍቱ ብቻ ነው። በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ ቴሌግራም ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የተጠቃሚን ስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ መሣሪያው የሚለይበትን ቁጥር) ለባለሥልጣናት እንደሚሰጥ አስታውቋል። ኤስኤምኤስ? እንደ ፖስት ካርድ ቁጠሩት።

ስልኩ ራሱ ሌላ ሰው እጅ ከገባ፣ ወይም ሰላይ ፕሮግራም ከተጫነበት፣ ምስጠራው ምንም አያደርግላችሁም።

ፋይዳ ላይ አሻራዬን ሰጥቻለሁ። ተሳሳትኩ?

አልተሳሳትክም። ጥቅም አለው። አንድ ሰው በሦስት ስም ሦስት ቦታ እንዳይመዘገብ ያደርጋል፤ መታወቂያ የሌለውም ባንክ ይከፍትበታል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመ ሥርዓት ነው። የሚወስደውም የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ነው፤ የሚሰጠው ባለ 12 አሃዝ ቁጥር።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ቦታ ነው። ፓስወርድ ከወጣ ይቀየራል። ጣት አይቀየርም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ክምችት ሲጠበቅም ከሌላው ይልቅ ነው መጠበቅ ያለበት። ከእኛ በኩል ደግሞ የምናጠፋው አለ። እዚህ ሰፈር ቤት ለመከራየት ደላላ «ፋይዳህን ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ» ይላል፤ እኛም እንልካለን። ደላላው ስልክ ላይ የስንት ሰው ካርድ እንዳለ አስቡት። ያ ስልክ አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ይሰረቃል። ካርዱን አሳዩት፤ ፎቶውን አትስጡ። ለአከራዩ በአካል ውሉ ላይ ትሰጡታላችሁ።

እዚህ አገር እንዲህ ያለ ክትትል ታይቷል?

በሰነድ ታይቷል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በማርች 2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ምርመራ ላይ የነበሩ ሰዎች የራሳቸው የስልክ ጥሪ ዝርዝርና የተቀዳ ንግግር እየቀረበላቸው ይጠየቁ እንደነበር ዘግቧል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ ደግሞ በ2013 ፊንፊሸር የተባለውን፣ በ2014 የሃኪንግ ቲምን ሰላይ ፕሮግራም ከኢትዮጵያ ጋር አያይዞ አሳየ። በሁለተኛው የተነጣጠሩት ውጭ ያሉ ጋዜጠኞች ነበሩ።

ከሁሉ የማይረሳኝ ኪዳኔ በሚል የሽፋን ስም አሜሪካ ፍርድ ቤት የኢትዮጵያን መንግሥት የከሰሰው ሰው ጉዳይ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ነው። አባሪ ሰነድ በኢሜይል ደረሰው፣ ከፈተው፤ ኮምፒውተሩ ለወራት ተሰለለ። ክሱ ላይ ከተዘረዘረው ውስጥ የልጁ የዘጠነኛ ክፍል የቤት ሥራ ፍለጋ ይገኛል። የልጁ! ሰውየውን ፈልጎ የመጣ ክትትል ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ ሄደ። በ2017 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተኑ ይግባኝ ፍርድ ቤት የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት አለው ብሎ ክሱን ውድቅ አድርጎታል።

ሕጉ ምን ይላል?

ወረቀቱ ላይ ብዙ ይላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት፣ የቤት፣ የደብዳቤና የስልክ ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል። መንግሥት ጣልቃ የሚገባው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ዝርዝር ሕግ ሲኖር ብቻ ነው፤ ለብሔራዊ ደህንነት፣ ለሕዝብ ሰላም፣ ወንጀል ለመከላከልና ለመሳሰሉት።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መዝገቡን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጡ ያዛል። የሁሉንም ሰው ነው፤ የተጠርጣሪን ብቻ አይደለም። በቀጥታ ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል። አስቸኳይ ከሆነ ያለ ትእዛዝ በጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ (ዛሬ በፍትሕ ሚኒስቴር ተተክቷል) ፈቃድ ይጀመርና ምክንያቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ይቀርባል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ስለ እናንተ የተያዘውን መረጃ የማወቅ፣ የማስተካከልና የማስሰረዝ መብት ይሰጣል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

የእኔ አስተያየት፦ ሕጉ መጥፎ አይደለም። ግን ሕጉን ጠቅሶ «ስለ እኔ ምን ይዛችኋል?» ብሎ የጠየቀ ጎረቤት አላየሁም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ጎረቤቴ ካሜራውን ወደ በሬ አዙሮታል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ቡና አፍሉ። አብዛኛው ሰው ካሜራው ምን ያህል ሰፊ እንደሚያይ አያውቅም፤ ስልኩ ላይ ያለውን ምስል አብራችሁ እዩት። ብዙ ካሜራዎች የማይፈለገውን የምስሉን ክፍል በጥቁር የሚሸፍኑበት ማስተካከያ አላቸው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔም መጥቼ ሠርቼ አውቃለሁ።

የተቀዳውን አውጥቶ ብሎኩ ግሩፕ ላይ «ይቺን እዩልኝ» እያለ የሚለጥፍ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየት ይከለክላል። ለፍርድ ወይም ለፖሊስ ሥራ ሲፈለግ የተለየ ነው። ሌባ ከሆነ ቪዲዮው ለፖሊስ ይሰጥ። ሕጉ ቴሌቪዥን እንኳ ያልነበረን ጊዜ ነው የተጻፈው፤ ለቴሌግራም ግሩፕ ግን ልክክ ይላል።

የእናንተ ብሎክ በመጨረሻ ምን አደረገ? ካሜራውን ነቀላችሁ?

አልነቀልንም። መቅረጫውን ከሱቁ አውጥተን ኮሙናሉ ውስጥ ብረት ሳጥን አሠራንለት። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ ሰብሳቢዋ ጋ፣ አንዱ ገንዘብ ያዡ ጋ። ያለ ሁለቱ አይከፈትም። ፓስወርዱ ከፋብሪካ እንደመጣ ነበር፤ ከአንድ እስከ ስድስት መቁጠር የቻለ ሁሉ ይገባበት ነበር ማለት ነው። አፈርኩ፤ እኔ ነበርኩ ባለሙያው። ቀየርኩት። ምስሉ በሰባት ቀን ራሱን እንዲያጠፋ አደረግን። የበሩን ደብተር ትተን እንግዳ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ሳጥን ውስጥ ይከታል፤ በሳምንቱ ይቀደዳል። ጥበቃው ጋሽዬ መጀመሪያ አኩርፈው ነበር። ደብተሩን በጣም ይወዱት ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ያለው ካሜራ ይነሳ አይነሳ ሲባል «ይነሳ» የምትለው ነርሷ ትሆናለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «ይቆይ» አለች። «ከሌሊቱ 11 ሰዓት ደረጃ ስወጣ እዚያ መኖሩን እወደዋለሁ። እኔ የጠላሁት ሱቁን ነው።» ቆየ።

ሳጥኑን ከፍቶ ቅጂ ያየ ሰው ስሙን፣ ቀኑንና ምክንያቱን የሚጽፍበት ወረቀት ክዳኑ ላይ ተለጥፏል። እስካሁን አራት መስመር ተሞልቷል። አንደኛው የቆጣሪው ስርቆት ነው። አንደኛው የእኔ ነው፦ የልጄ ኳስ ማን ግቢ እንደገባች ለማጣራት። ሰብሳቢዋ ምክንያቱን ሁለት ጊዜ አነበቡትና ቁልፉን ሰጡኝ።